የእትዬ አስካለ ፓስወርድ አዲስ አበባ ነው

ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው የሰዓትን አሠራር ሳይማር አይሄድም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ጓደኞቼ እየቀነሱ የመጡበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው። ይኸው፣ ደግሞ ማስረዳት ጀመርኩ።

አስተማሪ ነኝ። ጁባ የመጣሁት ልጆችን ሒሳብ ላስተምር ነው፤ ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪ ስለሌለኝ ያገኘሁትን ሰው አስተምራለሁ። ለዚህ ደግሞ ሃይ ማላካል ሠፈር ካለው ከእትዬ አስካለ ምግብ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ከጓሮው አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ምግቤንም እዚያው በወር ኮንትራት ነው የምበላው። ደንበኛ ምግቡ እስኪቀርብለት ድረስ የትም ስለማይሄድ ትምህርቱን ተቀምጦ ይከታተላል። አንዳንዱ ምግቡን አስጠቅልሎ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሥራ ቢኖርበት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቀን የእትዬ አስካለን ኢሜይል ልከፍትላቸው ስሞክር ነው።

«እትዬ፣ ፓስወርድዎ ምንድን ነው?»

«ውጪ ውጣና አንብበው» አሉኝ፣ ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቋርጡ።

ወጥቼ አነበብኩት። በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ፣ ከምግብ ቤቱ ስም በታች፣ ከበግ ሥዕሉ በላይ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስልክ ቁጥራቸው ነበር።

«እትዬ! ይሄንንማ ሃይ ማላካል ያለ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ ሁሉ ያውቀዋል!»

«እሱ ነው ጥሩነቱ። ብረሳው ማንንም መጠየቅ እችላለሁ።»

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ መልስ የሰማ አስተማሪ እንዴት ይተኛል? በማግስቱ ትምህርቱን ጀመርኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ራሳቸው እትዬ አስካለ። ሁለተኛው ሐጂ ነስሩ፣ ከጎን ባለው ሱቅ ስኳርና ዘይት በጅምላ የሚሸጡ፣ ሻያቸውን የሚጠጡት ግን እኛ ዘንድ የሆነ። ሦስተኛው ባንኮኒው ላይ የሚሠራው ዴንግ ነው። ዴንግ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይበልጥ ያራዳ ነው።

«ፓስወርድ ረጅምና ትርጉም የሌለው መሆን አለበት» አልኳቸው። «ለኢሜይሉ ሌላ፣ ለባንኩ ሌላ፣ ለሁሉም የተለያየ።»

«ማን ያስታውሰዋል?» አሉ ሐጂ።

«ማንም አያስታውሰውም! አንድ የብረት ሣጥን አስቡ። ፓስወርዶቻችሁን ሁሉ እዚያ ውስጥ እንቆልፋቸዋለን። የምናስታውሰው የሣጥኑን ቁልፍ ብቻ ነው።»

«ቁልፉን ማን ይይዛል?»

«እኔ» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«ወላሂ፣ ሣጥን ከመግዛት አንተን መቆለፍ ይቀላል» አሉ ሐጂ። ግን ተስማሙ። ሰው ምግብ ሲርበው በብዙ ነገር ይስማማል።

ሣጥኑን የሚያከራዩ ኩባንያዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ቁልፌን በሰው ቤት አላስቀምጥም አልኩና የራሳችንን ሣጥን በራሳችን ቤት ተከልኩ። ሣጥኑ ማጠፊያው የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ሥፍራው የለስላሳ መጠጥ ፍሪጁ አናት ላይ ነው። ለምን ፍሪጁ ላይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው ለፍሪጁ ስለሆነ፣ በቤቱ ውስጥ መብራት የማያጣው ያ መስመር ብቻ ነበር። ላፕቶፑን «ሰርቨር» ብዬ ሰየምኩት። ዴንግ «ቢሮክራቱ» አለው፤ ቁጭ ብሎ ይሞቃል እንጂ ሲሠራ አይታይም ብሎ።

ሥርዓት የሚወድ ሰው ግን በአንድ ሣጥን አያርፍም። ያኔ በታኅሣሥ ከተማዋን ካናወጣት የተኩስ ግርግር በኋላ ነበር፤ ጁባ ውስጥ ሁሉም ሰው ፓስፖርቱንና ሰነዱን በቦርሳ አድርጎ በሩ ሥር ያስቀምጥ ነበር። እኔም ቦርሳዬን አየሁና «ቦርሳው ራሱ ቢጠፋስ?» አልኩ። መልሱ ግልጽ ነው፤ የሣጥኑ ሙሉ ቅጂ ሩቅ ቦታ፣ ሌላ አገር መቀመጥ አለበት። በየቀኑ፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ የሚሄድ ቅጂ። ተቀባዩንም አገኘሁ። የአክስቴ ልጅ ዮናስ አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

የመጀመሪያው ቅጂ የተላከ ዕለት ምግብ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የሚጠቀመውን ሁሉ ለምኜ፣ አንዱን የእግር ኳስ ተመልካች እንባው እስኪመጣ አስቁሜ፣ ፋይሉ ሲሄድ ቆሜ አጨበጨብኩ። ብዙም ሳይቆይ ዮናስ ደወለ።

«የላክኸውን ጽሑፍ አትሜ ጨርሻለሁ» አለኝ። «ማን መጥቶ ይወስደዋል?»

«አተምከው?»

«ወደዚህ ቤት የሚመጣ ፋይል ሁሉ እኮ ይታተማል። ግን ወንድሜ፣ ጽሑፍህ አይነበብም። እኔ ልቤ ስላልወደደው ለጎረቤቴ መምህር አሳየሁት፤ እሱም የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም አለ።»

የተቆለፈ ፋይል መሆኑን፣ መነበብ እንደሌለበትና መታተምም እንደሌለበት እያስረዳሁት የስልኬ ካርድ አለቀ። በሚቀጥለው ቀን ግን ዮናስ የሣጥኑን ፕሮግራም ጭኖ፣ ለቅጂው ፎልደር ከፍቶ፣ ከአታሚውም አርቆ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ወዲህ የእኛ ፓስወርዶች በየቀኑ ከሃይ ማላካል ኮተቤ ይመላለሱ ጀመር። እኔም እንደ ሰው መተኛት ጀመርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እትዬ አስካለ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጠው ነው ወደ ሥራ የገቡት። ጁባ ከገቡ በኋላ፣ ከአምሳ ዓመታቸው በላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ናይሮቢ ካለ የርቀት ትምህርት ቤት የሆቴል አስተዳደር መማር ጀመሩ። በአንድ እጃቸው ወጥ እያማሰሉ በሌላው መጽሐፍ ይዘው ያጠኑ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ገጾች እስካሁን ቁሌት ቁሌት ይሸታሉ። ከመጨረሻው ፈተና በፊት ለምስክር ወረቀቱ መስቀያ ሚስማር ግድግዳው ላይ መትተዋል፤ ደንበኛውም ኮፍያ ሲሰቅልበት «የዲግሪ ቦታ ነው፣ አንሣ!» ይሉታል። ፈተናው በኢንተርኔት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይከፈታል፣ ስድስት ሰዓት ላይ መግቢያው ይዘጋል። ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል። «ዓመት ከጠበቅሁ እተወዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ» ብለውኛል፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው።

ቅዳሜ ጠዋት ከክፍሌ ወጥቼ ወደ ምግብ ቤቱ ስገባ ቤቱ ያብለጨልጫል። እትዬ አስካለ ሲጨነቁ ያጸዳሉ። ወለሉ ታጥቧል፣ ወንበሮቹ ታጥበዋል፣ የበግ ሥዕሉ ታጥቧል። ፍሪጁም ከውስጥ ከውጪ ታጥቦ ነጭ ሆኗል። አናቱ ላይ ግን ምንም የለም።

«እትዬ፣ ሰርቨሩ የታለ?»

«ያ ላፕቶፕህ? አቧራ ነበር የሚመስለው። አጠብኩት።»

«በምን?»

«በምን ይታጠባል? በኦሞ ነዋ። ጓሮ አስጥቼዋለሁ፣ ፀሐይ ይንካው።»

ሮጥኩ። ሰርቨራችን ከተሰጣው በርበሬ ጎን፣ ተከፍቶ፣ እንደ መጽሐፍ በሆዱ ተደፍቶ፣ ከቁልፎቹ መሐል አረፋ እያወጣ ፀሐይ ይሞቃል። አነሣሁት። ውሃው በእጄ ላይ ፈሰሰ፤ ጥሩ የሎሚ ሽታ ነበረው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የፈተናው ፓስወርድ እዚያ ውስጥ ነው። «ፓስወርድ ረሳሁ» ብንል መልሱ ወደ ኢሜይላቸው ይላካል፤ የኢሜይላቸውም ፓስወርድ እዚያው ውስጥ ነው። ሁለቱም ረጅም፣ ሁለቱም ትርጉም የለሽ፤ እኔው ነኝ ያወጣኋቸው፣ እኔው ነኝ ያጨበጨብኩላቸው።

እትዬ አስካለ የዴንግን ኮምፒውተር ባንኮኒው ላይ ከፍተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። «በል ቲቸር፣ አስገባኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመሩ።

«ግን አይዞዎት! ለዚህ ቀን ነው ሩቅ ቦታ ቅጂ ያስቀመጥነው!» አልኩ። እመኑኝ፣ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕቅዴ ሊፈተን ነው!

ዮናስ ጋ ደወልኩ።

«ፋይሉ አለ» አለኝ። «ትናንት የመጣው ራሱ አለ።»

«ተባረክ! ቶሎ በኢሜይል ላክልኝ፣ በሐጂ ኢሜይል፤ ስልካቸው ላይ ክፍት ነው።»

«አልችልም። ሠፈሩ በሙሉ ኢንተርኔት የለውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው የጠፋው። ስልክ ብቻ ነው ያለን።»

«በሰው ይላክ!» አሉ ሐጂ ነስሩ፣ ከሻያቸው ቀና ብለው። ሐጂ በዚህ ዓለም ላይ በሰው የማይላክ ነገር ያለ አይመስላቸውም። «በፍላሽ አድርጎ ለመንገደኛ ይስጥ። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አይጠፋም።»

«አውሮፕላኑ የሚደርሰው ፈተናው ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ፋይሉን በስልክ ያንብብልን» አለ ዴንግ፤ የናፕኪን ክምርና እስክሪብቶም አዘጋጀ። ዮናስም ማንበብ ጀመረ። «ኬ፣ ሰባት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቀጥሎ አንድ ኮፍያ ያደረገ ነገር፣ ቀጥሎ አራት ማዕዘን፣ ቀጥሎ ደግሞ... ይሄ እንኳ እዚህ ምድር ላይ ያለ ፊደል አይመስለኝም።»

«ከላስ» አለ ዴንግ፣ እስክሪብቶውን ጥሎ። አበቃ ማለቱ ነው።

«ስማ እንጂ» አለኝ ዮናስ፣ «ፕሮግራሙ እኮ እዚህም ተጭኗል። ምን አስጨነቀህ? የሣጥኑን ዋና ቃል ንገረኝ፣ እዚሁ ከፍቼ የሴትየዋን ፓስወርድ ላንብብልህ።»

እትዬ አስካለን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አጠገቤ ጠረጴዛ ይጠርጋሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ አስፈላጊ ባይሆን አላስረዳም ነበር። ጥሩ ዋና ቃል አንድ ቃል አይደለም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤቱ በየቀኑ የሚያስበው፣ ስለዚህም የማይረሳው መሆን አለበት። ደግሞም ማንም አፉን ሞልቶ ይናገረዋል ተብሎ የማይገመት መሆን አለበት። ሁለቱንም ሕግ የሚያሟላ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ያገኘሁትም በኮንትራት ከሚበሉ ወንደላጤዎች ሕይወት ነው። ኮንትራት በላተኛ የቀረበለትን ይበላል፣ «እጅዎን ይባርከው» ይላል፣ ይነሣል። የባለቤቷን ምግብ መተቸት ክፍሉንም፣ ጥላውንም፣ በበዓል ቀን የሚደርሰውንም ቅልጥም ማጣት ነው። ስለዚህ ያልተናገርኩትን በየቀኑ አስበው ነበር፤ እያሰብኩም እጽፈው ነበር።

«አንዴ ጠብቁኝ» ብዬ ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። እጄን በአፌ ዙሪያ አድርጌ «ዮናስ፣ ጆሮህን አቅርብ» አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ስልኩ ጢጥ አለ። ካርዴ አለቀ።

የሐጂ ስልክ ኢትዮጵያ አይደውልም። የዴንግ ስልክ ባትሪ የለውም። የቀረው የእትዬ አስካለ ስልክ ነው። እሱ ደግሞ ወጥ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ ጆሮ ላይ ሲያደርጉት አይሰማም፤ የሚሠራው በላውድ ስፒከር ብቻ ነው።

«ይስጡኝና ጓሮ ወስጄ...» አልኳቸው።

«የትም አትወስደውም! አንድ ላፕቶፕ ጠፍቶብናል። እዚሁ ተናገር።» የዮናስን ቁጥር አስነግረውኝ ደወሉና ስልኩን ደረታቸው አጠገብ ያዙት። ቤቱ የቅዳሜ ቁርስተኛ ሞልቶታል። ሁሉም ጉርሻውን አቁሞ ያየኛል፤ ሁሉም የእትዬ አስካለ ፈተና ዛሬ መሆኑን ያውቃል።

«ሃሎ!» አለ ዮናስ፤ ድምፁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። «ቃሉን በል! እኔና አንተ ቴክስት እንደምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ልጻፈው አይደል?»

«አዎ። ግን... ሌላ መንገድ የለም?»

«ቲቸር» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ከእሳቸው ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። «ሰዓቱ ሄደ እኮ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የእትዬ አስካለ ሽሮ...» አልኩ በቀስታ።

«አይሰማም! የማን ሽሮ?»

«የእትዬ አስካለ!»

«እሺ፣ የእትዬ አስካለ ሽሮ። ምን ሆነ?»

«ውሃ በዝቶበታል።»

«ምን በዝቶበታል? ጄኔሬተር ይጮህብኛል!»

«ውሃ!» ብዬ ጮኽኩ። «ውሃ! የእትዬ አስካለ ሽሮ ውሃ በዝቶበታል!»

«ውሃ በዝቶበታል» አለ ዮናስ እየጻፈ፣ አንድ በአንድ፣ ለሃይ ማላካል ሕዝብ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «አለቀ?»

«አላለቀም» አልኩ። «ግን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል።»

ከዚያ ከወደ መስኮቱ አንድ ሰው ትን አለው። ዴንግ ከባንኮኒው ሥር የወደቀ ነገር ፍለጋ ጎንበስ አለ፤ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

«የኔ ሽሮ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ተከፈተ!» አለ ዮናስ በደስታ። «ወንድሜ፣ በአንዴ ተከፈተ! እንዴት ያለ ጥሩ ፓስወርድ ነው!»

«የኔ ሽሮ?» አሉ እንደገና፣ አሁን ወደ ሐጂ ዞረው። «ነስሩ፣ አንተ በየቀኑ ትበላ የለም ወይ? እውነት ነው?»

ሐጂ ሻያቸውን አዩ። «አስካለ፣ እህቴ፣ እኔ ሻይ ነው የምጠጣው...»

«ረቡዕና ዓርብ ከጾመኞቹ ጋር ሽሮ ስትበላ አይሃለሁ!»

«እንግዲህ... ከሻዩ ብዙም አይለይም» አሉ ሐጂ፤ የቤቱ ሳቅ ጣሪያውን ነቀነቀው።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ እትዬ፣ ችግር የለም» አለ ዴንግ ከባንኮኒው ሥር። «እኛ እኮ ለምደነዋል።»

እትዬ አስካለ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን። በመጨረሻ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይሄን በኋላ እናየዋለን» አሉ። «ያ ልጅ ፓስወርዴን ያንብብ።»

ዮናስ አነበበ። «ትልቁ ኬ። ትንሹ ኤም። ዘጠኝ። ኮከብ።» እትዬ አስካለ በአንድ ጣት ይጽፋሉ፤ ቁርስተኛው በአንድ አፍ ይደግማል። «ትልቁ ኬ! ትንሹ ኤም! ዘጠኝ! ኮከብ!» አንድ ትልቅ ፊደል ትንሽ ሆኖ ተጽፎ ከመጀመሪያው ስንጀምር ማንም አልተቆጣም። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ገጹ ተቀየረ። የእትዬ አስካለ ሙሉ ስም ከላይ ወጣ፤ ከሥሩ የመጀመሪያው ጥያቄ። ከስድስት ሰዓት በፊት ገቡ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጸጥታ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አግኝቼው አላውቅም። ሰው በጣቱ ጫፍ በላ። ዴንግ ጀሪካን ይዞ ጄኔሬተሩ ጎን ቆመ፣ ነዳጁ ዝቅ ባለ ቁጥር እንደ ሕፃን እያጠባው። ሐጂ ሊገባ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ በር ላይ በሹክሹክታ ወደ ሱቃቸው እየመለሱ ስኳር ሸጡለት።

እትዬ አስካለ ጨርሰው የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫኑ። ኮምፒውተሩ አሰበ። ሁላችንም ከጀርባቸው ተደራረብን። ማለፋቸውን የሚናገር አረንጓዴ ጽሑፍ ሲወጣ የጮኽነውን ጩኸት ውጤቱን ሊጠይቅ መልሶ የደወለው ዮናስ በስልኩ ሰምቶ ደንግጦ ዘጋው።

«አንዱ ጥያቄ» አሉ እትዬ አስካለ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «‹ባለቤት የደንበኞቹን እውነተኛ አስተያየት በምን መንገድ ያገኛል?› ይላል። ‹በላውድ ስፒከር› ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝ።»

ከዚያም ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ አንድ የሸክላ ድስት በሁለት እጃቸው ይዘው መጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ሽሮ ነው። ማንኪያው መሐሉ ላይ ተተክሎ እንደ ባንዲራ ዘንግ ቆሟል። በእንጀራ ልጠቅሰው ብሞክር እንጀራው ተቀደደ።

«አሁንስ?» አሉኝ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። ቤቱ በሙሉ ይጠብቃል።

ጎረስኩ። ለመዋጥ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስፈለገኝ።

«አሁን ልክ መጥቷል፣ እትዬ» አልኩ። «እጅዎን ይባርከው።»

ዋናውን ቃላችንን ከዚያ ዕለት ወዲያ መቀየር ግድ ነበር፤ ሃይ ማላካል በሙሉ ሰምቶታል። አዲሱን ዓረፍተ ነገር ያወጣሁት እዚያው፣ ያንን ድስት ጨርሼ ሳልነሣ ነው። በየቀኑ የማስበው ነው፤ ደፍሬ የምናገረውም አይደለም። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ከገመታችሁት ግን፣ ለምሳ እትዬ አስካለ ቤት ስትመጡ እባካችሁ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ።